ሁለተኛው ቫዮሊን ብቻውን ሲቀር

ስትሪንግ ኳርቴት፣ ማለትም ሁለት ቫዮሊን፣ አንድ ቪዮላና አንድ ቼሎ ያሉበት የአራት ሰው ቡድን ውስጥ ሁለተኛ ቫዮሊን መሆን ምን ማለት እንደሆነ ልንገራችሁ። አንደኛው ቫዮሊን ዜማውን ይዟል፤ ሰው የሚያየው እሱን ነው። ቼሎው ከታች መሠረቱን ይይዛል፤ ድምፁ ስለሚያምር ሁሉም ዞር ብሎ ያየዋል። ቪዮላው ቢያንስ ይቀለድበታል፤ ሙዚቃ የተማረ ሰው ሁሉ አንድ ሁለት የቪዮላ ቀልድ አያጣም። ሁለተኛ ቫዮሊን ግን ቀልድ እንኳን የለውም። መሃል ተቀምጠህ የኮርዱን፣ አብረው የሚሰሙትን ድምፆች፣ ሆድ ትሞላለህ። ጥሩ ከተጫወትክ ማንም አያውቅልህም። ካበላሸህ ግን አራታችሁም ታስጠላላችሁ።

እኔ ለረጅም ጊዜ ሁለተኛ ቫዮሊን ነበርኩ። አሁን ብቻዬን ነው የምጫወተው። አንድ ቫዮሊን፣ የተጫወትኩትን ቀድቶ እየደጋገመ የሚያሰማ አንድ ሉፐር ፔዳል፣ ድምፁን አንድ ኦክታቭ ወደ ታች የሚያወርድ ሌላ ፔዳል፣ በቃ። የወሎ ቅኝት ከሃውስ ቢት፣ ከዳንስ ቤቱ የኤሌክትሮኒክ ምት ጋር፣ አንዳንዴ የባኽ ፉጋ ቁራጭ መሃል ላይ ይገባል። ፖስተር የሚሠሩ ልጆች ምን ብለው እንደሚጽፉኝ ይቸግራቸዋል። አንዱ «ኢትዮ-ጃዝ» ይላል፤ ጃዝ ግን አይደለሁም። ሌላው «ኤሌክትሮ ክላሲክ» ይለኛል። አንድ ቦታ «ዘመናዊ ማሲንቆ» ተብዬ አይቻለሁ። እሱን እንኳን ወድጄዋለሁ።

ከሾው በኋላ የሚመጣው ጥያቄ ሁሌም አንድ ዓይነት ነው። «ክላሲካሉን እንዴት ተውከው?» ይሉኛል። «ያንን ሁሉ የተማርከውን መርሳት አልከበደህም?» የሚለኝም አለ። ሰው እንዲህ ዓይነት ታሪክ ይወዳል፤ ልጁ ኖታውን ቀደደ፣ ነፃ ወጣ፣ ራሱን አገኘ። እኔ ምንም አልቀደድኩም። የምሠራው ነገር ከዚያው ከክላሲካል ክፍል የወጣ ነው። እንዴት እንደሆነ ለማስረዳት ግን ትንሽ ወደ ኋላ መሄድ አለብኝ።

ያደግኩት ደሴ ነው። ወሎ ስል ሰው ሁሉ አራቱን ቅኝት ይቆጥርልኛል፤ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺሆዬ። ለእኔ ግን ባቲ መጀመሪያ የሰኞ ገበያ ነው፤ ግመልና አቧራ። አምባሰል ተራራ ነው። ቅኝት መሆናቸው የገባኝ ቆይቶ ነው። ቤታችን ሙዚቀኛ አልነበረም፤ አጎቴ ጋሼ ብቻ አዝማሪ የሚወድ ሰው ነበር። ሠርግ ቤት ሲገባ መጀመሪያ የሚፈልገው አዝማሪው የት እንደተቀመጠ ነው። ግጥም ይሰጣል፣ ይሸልማል፣ ካላማረው ደግሞ አይደብቅም። «ይሄ ሰውዬ አንቺሆዬን አልነካትም፤ ዙሪያዋን ነው የሚዞራት» ሲል ሰምቼዋለሁ። ያኔ ምን ማለቱ እንደሆነ አልገባኝም።

ከዚያ አዲስ አበባ፣ ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት። ዋናዬ ቫዮሊን ሆነ፤ ከጎኑ ማሲንቆ ያዝኩ። ጠዋት ስኬል፣ ኤቱድ፣ ባኽ። ከሰዓት ማሲንቆ። ሁለቱም በደጋን የሚገዘገዙ ስለሆኑ ዘመድ ይመስላሉ፤ እጅህ ላይ ግን ጠላት ናቸው። ቫዮሊን ላይ ክሩን እንጨቱ ላይ ትጫነዋለህ። ማሲንቆ ላይ የሚጫን እንጨት የለም። ያችኑ አንዷን የጭራ ክር አየር ላይ እንዳለች በጣትህ ትነካታለህ፣ ያውም በስሱ። ከቫዮሊን ክፍል ወጥቼ ማሲንቆ ስይዝ ጣቶቼ ክሩን ሊያንቁት ይደርሱ ነበር። ከማሲንቆው ወደ ቫዮሊኑ ስመለስ ደግሞ ድምፄ ይሳሳ ነበር።

መንገዱን እኔ አልጀመርኩትም፤ ይህን ማለት አለብኝ። የትምህርት ቤቱ የመጀመሪያ ዳይሬክተር አሸናፊ ከበደ አሜሪካ ኢስትማን የሙዚቃ ትምህርት ቤት ተምሮ መጥቶ ለኦርኬስትራ ሲጽፍ፣ መሃል ላይ ያስቀመጠው የእረኛ ዋሽንት ነበር። ሙላቱ አስታጥቄን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1943 ጅማ ተወለደ፤ ኢንጂነሪንግ ይማራል ተብሎ ዌልስ ተላከ፤ ለንደን ላይ ትሪኒቲ ኮሌጅ ሙዚቃ ውስጥ ተገኘ። ከዚያ ቦስተን፣ በርክሊ የሙዚቃ ኮሌጅ። ቫይብራፎንና የላቲን ከበሮ ይዞ አገሩ ሲመለስ ያነሳው ጥያቄ አሁንም የእኛ ጥያቄ ነው፤ አምስት ድምፅ ያለውን ቅኝት አሥራ ሁለት ድምፅ ካለው ሃርሞኒ ጋር ስታገናኘው የቅኝቱ ጠረን ሳይጠፋ እንዴት ይሆናል?

ግርማ ይፍራሸዋም አለ። በልጅነቱ ክራር የሚጫወት፣ ፒያኖ በ16 ዓመቱ ያሬድ ሲገባ ያገኘ፣ ሶፊያ ኮንሰርቫቶሪ ሄዶ የተማረ ሰው። አንድ መድረክ ላይ ሾፓንን ጨርሶ አምባሰል ይጀምራል፤ ሰውየው አንድ ነው፣ ጣቱም አንድ ነው።

እኔ ግን ከሁሉም አብልጬ የማስባቸው እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩን ነው። ሰው በፒያኖ ያውቃቸዋል። በልጅነታቸው ስዊዘርላንድ ተልከው መጀመሪያ የተማሩት ግን ቫዮሊን ነው። በኋላ ካይሮ ላይ ከፖላንዳዊው ቫዮሊኒስት ከኮንቶሮቪች ዘንድ ተማሩ። ከዚያ ምን አደረጉ? ግሸን ማርያም ገቡ። ግሸን ማለት አምባሰል ነው፤ የእኛ አገር። አውሮፓን የሚያውቅ ጆሮ ይዘው ዓመታት በባዶ እግራቸው እዚያ ተራራ ላይ ኖሩ። መጋቢት 2015 ዓ.ም. ኢየሩሳሌም ላይ በ99 ዓመታቸው አረፉ። ፒያኖአቸውን ስትሰሙ ግራ እጃቸው ሾፓን ይመስላል፤ ቀኝ እጃቸው ደግሞ የቅዳሴ ዜማ እንደሚያጥፍ ደብተራ ነው። ማንም «ሁለት ነገር ቀላቀሉ» አይላቸውም። አንድ ሰው ናቸው።

ሙላቱም ግርማም እማሆይም የያዙት ቁልፍ ያለው መሣሪያ ነው። ቁልፉን ትመታለህ፣ ድምፁ የተወሰነ ነው። ቫዮሊን ላይ ግን ፍሬት፣ ጊታር አንገት ላይ ያለው የብረት መስመር፣ የለም። እያንዳንዱን ድምፅ ራስህ ታስቀምጠዋለህ። የእኔ ነገር የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

ከተመረቅኩ በኋላ ኑሮው የታወቀ ነው። የሆቴል ሎቢ፣ የኤምባሲ ግብዣ፣ ሠርግ። ሙሽሪት ስትገባ እኛ ለስለስ ያለ ነገር እንጫወታለን፤ ኬክ ከተቆረሰ በኋላ ባንዱ ይረከበናል፤ እኛ ጥግ ላይ ቁርጥ እየበላን እናያለን። ቁርጡን አላማርርም። አንድ ሠርግ ላይ ዘፋኟ አንቺሆዬ ጀመረች፤ ድምፅዋ ልቤን አራደው። ኪቦርዲስቱ ግን ከሥሩ ያንኑ የለመደውን ኮርድ ጠቅ አደረገ። ዘፈኑ ከመቅጽበት ሌላ ነገር ሆነ። ሕዝቡ እየጨፈረ ነው፣ ማንም አልታወቀውም። እኔ ግን የጋሼ ነገር ትዝ አለኝ። ዙሪያዋን መዞር ማለት ለካ ይሄ ነው።

መጋቢት 2012 ኮሮና ገባ። ሠርጉም ሎቢውም ቆመ። ኳርቴታችን ተበተነ፤ ቼሎው አሜሪካ ሄደ፣ ቪዮላው ሕፃናት ማስተማር ጀመረ፣ አንደኛው ቫዮሊን የሚስቱን ሱቅ ያዘ። ሁለተኛው ቫዮሊን ብቻውን ቀረ። ሁለተኛ ቫዮሊን ብቻውን ደግሞ የሚጫወተው ነገር የለውም። ሁሉም ኖታ የመሃል ድምፅ ነው፤ ዜማ የለው፣ ባስ የለው።

ስለዚህ ቁጭ ብዬ ያችን አንቺሆዬ ፈታኋት። ኖታ የማያነቡ ይታገሡኝ፤ አጭር ነው። ፍላት ማለት ድምፁ በግማሽ ድምፅ፣ ፒያኖ ላይ ወደ ጎረቤት ቁልፍ፣ ዝቅ ሲል ነው፤ ሻርፕ ደግሞ ከፍ ሲል።

አንቺሆዬን ከላ ስነሳ አምስቱ ድምፆች እነዚህ ናቸው፤ ላ፣ ሲ ፍላት፣ ሬ፣ ሚ ፍላት፣ ፋ ሻርፕ። ማረፊያው ላ ነው። እንግዲህ ላ ላይ ኮርድ ልሥራ ብትል ሜጀሩ፣ ፈካ ያለው ኮርድ፣ ዶ ሻርፕና ሚ ይፈልጋል። ማይነሩ፣ ጠቆር ያለው፣ ዶና ሚ ይፈልጋል። አንዳቸውም ቅኝቱ ውስጥ የሉም። ኪቦርዲስቱ ጠቅ ያደረጋቸው እነሱ ናቸው፤ ያልተጠሩ እንግዶች። አንቺሆዬ ቤቷ ላይ የሚቀመጥ ኮርድ የላትም። ለዚህ ነው ስትሰሟት መሬት የማትነካ የሚመስላችሁ።

ግን ውስጧ ሌላ ነገር አለ። ሬ፣ ፋ ሻርፕ፣ ላ አንድ ላይ ሲሆኑ ሬ ሜጀር ናቸው። ሚ ፍላት፣ ሶል ፍላት፣ ሲ ፍላት ደግሞ ሚ ፍላት ማይነር። ሶል ፍላትና ፋ ሻርፕ ፒያኖ ላይ አንድ ቁልፍ ናቸው። ሁለት ኮርዶች፣ ግማሽ ድምፅ ብቻ ተራርቀው፣ አንዲት ድምፅ ተጋርተው። ሁለቱ ሲደመሩ አምስቱን ድምፅ ይጨርሳሉ፤ የሚተርፍ የለም፣ የሚጨመር የለም። ከውጭ ኮርድ ማምጣት አያስፈልግም ማለት ነው። ሃርሞኒው እዚያው ነበር።

ደስ ብሎኝ ሉፐሩ ላይ ሁለቱን ኮርዶች ቀዳሁና አዞርኳቸው። ጥሩ ነበር፤ ግን አንድ ነገር ይጎረብጠኛል። ቀናት ሰማሁት። በመጨረሻ ምን እንደሆነ ያወቀው ጆሮዬ ሳይሆን ጣቴ ነው ማለት ይቻላል። ያቺ የጋራ ድምፅ ናት፤ ፋ ሻርፕ።

ኳርቴት ውስጥ ፒያኖ የለም፤ ስለዚህ ኮርዱ እንዲረጋ እያንዳንዱ ሰው ድምፁን ያስተካክላል። የሜጀር ኮርድ ሦስተኛ ድምፅ፣ የመሃሉ ማለት ነው፣ የደረሰው ሰው ፒያኖ ላይ ካለው ትንሽ ዝቅ ያደርገዋል፤ 14 ሴንት ያህል፣ ሴንት ማለት የግማሽ ድምፅ መቶኛ ነው። የማይነር ሦስተኛ የደረሰው ደግሞ ከፍ ያደርገዋል፤ 16 ሴንት ያህል። ይህ ሦስተኛ ድምፅ ብዙ ጊዜ የሚደርሰው ማን ይመስላችኋል? ሁለተኛው ቫዮሊን። ለዓመታት ሥራዬ ይሄው ነበር። ማንም ሳያየኝ ጣቴን በፀጉር ስፋት ማዘንበል።

አንቺሆዬ ውስጥ ያቺ ድምፅ በአንዱ ኮርድ ሜጀር ሦስተኛ ናት፣ በሌላው ማይነር ሦስተኛ። ሬ ሜጀር ሲመጣ ዝቅ በይ ትባላለች፤ ሚ ፍላት ማይነር ሲመጣ ከፍ በይ። ስሟ አንድ ነው፣ ቦታዋ ግን ሁለት። ሉፐር ላይ ከቀዳኋት ትደርቃለች፤ አንዱን ኮርድ ስታረጋ ሌላውን ታቆስላለች። የጎረበጠኝ ይሄ ነበር።

ስለዚህ አልቀዳትም። ከኮርዶቹ ሉፑ ላይ የሚገባው ባዶ ኩንት፣ ማለትም የኮርዱ ታችና ላይ ብቻ ነው፤ ሬና ላ፣ ከዚያ ሚ ፍላትና ሲ ፍላት። መሃላቸው ባዶ ነው። ያቺን የመሃል ድምፅ ሁሌ በእጄ፣ እዚያው መድረክ ላይ እጫወታታለሁ። ዜማው የትም ሄዶ ወደ እሷ ይመለሳል፤ ኮርዱ ሲቀየር ጣቴ ያዘነብላል። የፊት ወንበር ላይ ያለ ሰው እጄን ቢያይ ጣቴ የተንቀሳቀሰ አይመስለውም። ሲሰማው ግን አንዳች ነገር ከሥሩ እንደተነሳ ይሰማዋል። ይህን ከየት አመጣሁት? ከሃይድን ኳርቴቶች ነው የተማርኩት፣ ከሁለተኛ ቫዮሊን ወንበር። እንግዲህ እርሳው የምትሉኝ ይህንን ነው።

ባሱም ቀላል አልነበረም። መጀመሪያ ሬን አደረግኩት፤ የቫዮሊኑ ክፍት ክር ስለሆነ ይመቻል። ነገር ግን ከታች ሬ ከተቀመጠ ጆሮ ሬን ቤት አድርጎ ይይዛል። አንቺሆዬ ትጠፋና አንድ ዓይነት የተከዘ ሬ ሜጀር ይቀራል። በአምባሰልና በትዝታ ማይነርም እንዲሁ ነው። ከፋ የተነሳ ትዝታ ማይነርና ከዶ የተነሳ አምባሰል ድምፆቻቸው አንድ ናቸው፤ የሚለያቸው የት ማረፋቸው ነው። ባሱን በተሳሳተ ቦታ ካስቀመጥክ አምባሰል ጀምረህ ትዝታ ትጨርሳለህ። ስለዚህ ላ ላይ ብቻ ፒዚካቶ፣ ክሩን በደጋን ሳይሆን በጣት እየነጠቁ፣ በፔዳሉ አንድ ኦክታቭ ወርዶ። ሚ ፍላት ማይነሩ በላዩ ሲመጣ ጥርስ ያፋጫል። ያፋጭ፤ አንቺሆዬ ጨዋ አይደለችም።

ቢቱን በተመለከተ ብዙ የምለው የለኝም። ችክችካን በ12/8 ከቆጠርከው አራት ምት አለው፤ እያንዳንዱ ምት ሦስት ሦስት ይከፈላል። የሃውስ ኪክ፣ ያ የትልቁ ከበሮ ምት፣ እነዚያ አራቱ ላይ ይቀመጣል፤ የቫዮሊኑ ሦስት ሦስት በላዩ ይሄዳል። ካዛንቺስ ሳትፈርስ ፈንድቃ አዝማሪ ቤት ያመሸ ሰው ትከሻው ይህን ያውቀዋል። ኪኩን የማወጣው የቫዮሊኑን ሆድ በአውራ ጣቴ መታ በማድረግ ነው፤ የቫዮሊን አስተማሪዬ ይህን ቢያዩ ደም ግፊታቸው ይነሳል።

የመጀመሪያዎቹ ሾዎች ላይ ሰው ግራ ይጋባ ነበር። አንድ ቡና ቤት ውስጥ አንዲት ሴትዮ አስተናጋጁን ጠርታ «ባንዱ መቼ ነው የሚመጣው?» ስትል ሰምቻለሁ። እኔ መሃል ላይ ነኝ፣ እየተጫወትኩ። ሌላ ጊዜ ልክ ሉፑ ሞልቶ፣ ሰው መነቅነቅ ሲጀምር መብራት ሄደ። ባሱም ኩንቱም ኪኩም አንድ ላይ ጭጭ። እጄ ላይ የቀረችው ያቺ ፋ ሻርፕ ብቻ ነበረች። ምን ይደረጋል፣ ያዝኳት። ከኋላ አንድ ሰው በጭብጨባ ችክችካውን ጀመረ፣ ሌሎቹ ተከተሉ። ጄኔሬተሩ ሲነሳ ሉፐሩን መልሼ አላበራሁትም።

ገንዘቡን ለሚጠይቁኝ፦ ከኳርቴት ይሻላል፣ ከሠርግ ባንድ ያንሳል። ከአራት የምካፈለውን አሁን ብቻዬን እወስደዋለሁ፤ ነገር ግን ታክሲውም፣ ኬብሉም፣ ፖስተሩም የእኔ ነው። ሳውንድ ማኑ ጋርም የምጨቃጨቀው እኔው ነኝ። ቫዮሊን ላይ ሪቨርብ፣ ያንን የሚያስተጋባ ድምፅ፣ መጨመር የሚወድ ሳውንድ ማን ያጋጠመው ሙዚቀኛ ይረዳኛል።

የአንቺሆዬዋን ቪዲዮ ለጋሼ በቴሌግራም ላክሁለት። አሁን አርጅቷል፤ ስልኩን የሚከፍትለት የልጅ ልጁ ነው። ማታ ደወለልኝ።

«አንተ፣ ያ ከኋላህ ሆኖ የሚያጅብህ ማነው?»

«እኔው ነኝ ጋሼ። ማሽኑ ነው የሚደግመኝ።»

«አንተው ነህ?»

«አዎ።»

ትንሽ ዝም አለ። «ነክተሃታል» አለኝ። ቀጠለናም፣ «ግን ያ ማሽንህ ወሬ ያበዛል። አንድ ጊዜ ዝም በል በለው፣ ብቻዋን ልስማት።»

እንደ እሱ የጨከነ ሃያሲ ጋዜጣ ላይ አላየሁም። ግን ልክ ነው። ከዚያ ወዲህ መሃል ላይ ሉፑን እቆርጠዋለሁ፤ አንድ ክር ላይ ብቻ፣ ያለ ቫይብራቶ፣ ድምፁን ሳላንቀጠቅጥ፣ ማሲንቆ እንደሚጫወት ሰው ጣቴን ሳልጫን እጫወታለሁ። ክሩን አንቆ የነበረው እጅ ከስንት ጊዜ በኋላ ሰለጠነ። ኩንቶቹ ተመልሰው ሲገቡ ሰው ከበፊቱ የበለጠ ይሰማቸዋል።

አሁን የያዝኩት ባቲን ነው፤ አስቸግሮኛል። እንደ አንቺሆዬ እምቢ ስላለ ሳይሆን እሺ ስለሚል። ከሬ ሲነሳ ሬ፣ ፋ ሻርፕ፣ ሶል፣ ላ፣ ዶ ሻርፕ ነው። ሬ ሜጀር እዚያው ቤቱ ላይ ተቀምጦ ይጠብቅሃል፤ ፋ ሻርፕ ማይነርም አለ። የፈለግከውን ኮርድ ብታለብሰው ያምርበታል፤ ያማረበትን ያህል ደግሞ የሆቴል ሎቢ ይሆናል። ያንን ድምፅ ደግሞ በደንብ አውቀዋለሁ፣ ስንት ዓመት ተከፍሎኝ ተጫውቼዋለሁ። ሰሞኑን ሁለቱንም ኮርዶች ትቼ ሶልን ባስ ላይ አስቀምጬ እየሞከርኩ ነው። ትንሽ ቆንጠጥ ያደርጋል፤ ግን በዚያ በኩል ደግሞ ጃዝ ይሸተኛል። ለጋሼ ገና አልላክሁለትም።